እናቴን ይዤ ሃይደራባድን የዞርኩበት ቀን

ያረፍንበት ክፍል በር ሲንኳኳ ገና ፊቴን አልታጠብኩም ነበር። ስከፍተው መምህሩና ባለቤቱ ቆመዋል። እሱ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጠጉሩን በዘይት አስተኝቶ፤ እሷ የሰርግ የሚመስል አረንጓዴ ሳሪ ለብሳ፣ ሹሩባዋ ላይ ነጭ አበባ ሰክታ። «ዛሬ ሆስፒታል የለም» አለኝ እሱ፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ። «ዛሬ እማዬን ከተማችንን እናሳያታለን። እስኪመሽ።» ዕለቱ ሐሙስ ነው፣ የሥራ ቀን። ሰውየው ደግሞ አምቦ እኛ ዘንድ በኖረባቸው ዓመታት ጉንፋን አልጋ ላይ ጥሎት እንኳ አንድ ክፍለ ጊዜ ቀርቶ አያውቅም። 

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እናቴ አንገቷ ላይ ያለውን እንቅርት የዕድሜዋን ግማሽ ያህል በነጠላዋ ሸፍና ኖራለች። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ከሰው ጋር አብሮ ያረጃል፣ ሰውም ለምዶት ይኖራል። የእሷ ግን አንድ ክረምት ላይ ድንገት ጠጠረ፣ አደገ፣ ምግብ ስትውጥም ያንቃት ጀመር። አዲስ አበባ ያዩዋት ሐኪሞች እርስ በርስ ተያዩና ቶሎ እንዲወጣ፣ ከተቻለም ውጭ አገር እንዲሆን መከሩን። ወንድሞቼና እህቴ ተረባርበው ጉዞውን አሳኩት። አስታማሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ጉደር ጂኦግራፊ የማስተምር ሴት ነኝ፤ ስንት ዓመት ሙሉ የሕንድን ካርታ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስስል፣ ዝናቧ ከየት ተነስቶ የት እንደሚወድቅ ልጆች ሳስለፈልፍ ኖሬ፣ አገሩን እግሬ ሲረግጠው ግን ከዚያ ሁሉ አንዱም ትዝ አላለኝም።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ድምጿ ሊጠፋ ይችላል ብለው አስፈራርተውን ስለነበር፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ ጆሮዬን አፏ ላይ ደቅኜ ጠበቅሁ። «ምሳ በልተሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ። እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሐኪሙ ለጊዜው ጮክ ብላ እንዳትናገር አስጠነቀቃት፤ የወጣው እጢ ግን ለምርመራ ተላከ። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም የሚለው መልስ ገና አልመጣም ነበር። የሐኪሙ እንግሊዝኛ በስልክ ሲሆን ጨርሶ አይገባኝም፤ ስለዚህ የመምህሩን ቁጥር ሰጥተን ነበር። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው ማለት ነው።

መምህሩ ማን ነው ብትሉ፣ አምቦ ኬሚስትሪ ሊያስተምር መጥቶ ግቢያችን ውስጥ ካሉት ክፍሎች ሁለቱን የተከራየ ሰው ነው። ባለቤቱም አብራው ነበረች። ሲመጡ «አካም ቡልተን»፣ እንደምን አደራችሁ፣ ማለት እንኳ አያውቁም ነበር፤ ሲሄዱ ጎረቤቱን ሁሉ ከደጅ እስከ ደጅ በኦሮምኛም በአማርኛም ተሰናብተው ነው የሄዱት። ሥጋ ስለማይበሉ እናቴ መጀመሪያ «ምን በልተው ሊኖሩ ነው?» ብላ ተጨንቃ ነበር። በኋላ ጭኮ ስታቀምሳቸው ነገሩ አለቀ፤ ገብስና ቅቤ ብቻ ነው፣ እነሱም ከአገራቸው ጣፋጭ ጋር አመሳሰሉት። እኛን ሰምተው «እማዬ» ይሏታል። መምህሩ አምቦ ሳለ አባቱ ሃይደራባድ ሞተውበት፣ መርዶውን ያስነገረችውም ድንኳን ያስተከለችለትም እሷ ናት። እንደ ልጇ ነበር የምታየው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው በሥራ ቀን፣ በማለዳ፣ ለባብሶ መጥቶ «ዛሬ ሆስፒታል የለም» ሲል ምን ይታሰባል? መርዶ ሊነገረው የታሰበ ሰው ምን እንደሚደረግ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። መጀመሪያ ይበላል። በባዶ ሆድ አይነገርማ። ወሬው ከሌላ ሰው ጆሮው እንዳይገባ ከደጅ ይጠበቃል፣ ስልኩም በሆነ ሰበብ ከአጠገቡ ይርቃል። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ያለወትሮው ደግ ይሆናል፤ ውሃ ይቀርብለታል፣ ተቀመጥ ይባላል፣ ቀልድ ይወራለታል። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ፣ ትልልቅ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ይነግሩታል። ባለቤትየዋ ከቦርሳዋ የተላጠ ብርቱካን በዕቃ አውጥታ «መጀመሪያ እማዬ ትብላ» ስትል አንድ ብዬ ቆጠርኩ።

እናቴ ግን ደስ አላት፣ ወይም እኔ ደስ ያላት መሰለኝ። የአንገቷን ፋሻ በሻሿ ሸፈነች፣ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች። «ሐኪም ቤት ከመዋል ይሻላል፤ በቃ እንሂድ» አለች በዚያ በሰለለ ድምጿ። ብርቱካኑን ሁሉ በላች። ወትሮ ብርቱካን ተልጦ ቢቀርብላትም አትበላም።

ባጃጅ ተሳፈርን። እናቴ ባጃጁን ዞር ብላ እያየች «የእኛው ባጃጅ እዚህም ገባ እንዴ?» አለች። መምህሩ ከት ብሎ ሳቀ። «እማዬ፣ ከዚህ ነው እኮ ወደ አምቦ የሄደው!» «እሱማ የእኛዎቹ ይሻላሉ፣ ሰማያዊ ናቸው» አለችው። ከተማው ግን የእኛን የሚመስል ነገር የለውም። መንገዱ ከላዩ ሌላ መንገድ አለው፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ባቡር ይሄዳል። ሕንጻው ሁሉ መስታወት ነው፤ ደመናው ከሰማይም ከግድግዳም ይታያል። ሞተር ብስክሌቱ፣ መኪናው፣ ሰዉ፣ መንገድ መሃል የተኛችው ላም ሳትቀር፣ ሁሉም እየተንጫጩ ይተላለፋሉ፣ ማንም ማንንም አይነካም። ሌላ ቀን ቢሆን አፌን ከፍቼ አይ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኔ የመምህሩ ስልክ ላይ ነበር።

ከባጃጁ ወርደን ባቡር ተሳፍረን ሳለ የመምህሩ ስልክ ጮኸ። ለሴቶች የተለየ ቦታ ስላለ እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። እኔን አየት አደረገኝና ፊቱን አዞረ፤ እጁን አፉ ላይ አድርጎ አወራ። ሲጨርስ ሊጠጋን እንኳ አልፈለገም። ባለቤቱ የእናቴን እጅ ይዛ «እማዬ፣ ደከመሽ? ብርድ አለ? ውሃ ልስጥሽ?» ትላለች። ይቺ ሴት ደግሞ ደግ ናት፣ ግን እንዲህ አትለፈልፍም። አምቦ ሳለች ቀኑን ሙሉ የምታወጣው ቃል ተቆጥሮ ያልቅ ነበር። እናቴ በመስኮቱ ቁልቁል ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «ይሄን ሁሉ ሕዝብ የሚመግበው አምላክ ግን ትልቅ ነው» አለች። እኔ በነጠላዋ ጥለት ተጫወትኩ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ለማግኘት ቸኮልኩ። ከከተማው መሃል ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ከመሃሉ ደግሞ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ የቡድሃ ሐውልት ቆሟል። መምህሩ እናቴን አስቀምጦ ሐውልቱ ወደዚያ ሲወሰድ ጀልባው ከድቶት ሐይቁ ውስጥ ሰምጦ እንደነበርና ከዓመታት በኋላ ተፈልጎ እንደወጣ ይነግራታል። እኔ ባለቤቱን በክንዷ ይዤ ወደ ጥላው ወሰድኳት። «እውነቱን ንገሪኝ» አልኳት፣ «ውጤቱ መጥቷል?»

ሴትዮዋ መዋሸት አትችልበትም። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ባሏን በዓይኗ ፈለገች። «ምሳ እንብላ» አለችኝ። «መጀመሪያ ምሳ እንብላ፤ ከዚያ ቤት እንሄዳለን፤ ከዚያ...» ከዚያ የሚለውን አልጨረሰችውም። እጄን ጭብጥ አደረገችና ለቀቀችኝ።

በቃ! መጥቷል። መጥቶም መጥፎ ነው። ጥሩ ቢሆን ኖሮ ደጃፍ ላይ ቆመው ይነግሩን አልነበር? ጥሩ ወሬ ምሳ ይጠብቃል? ውሃውን እያየሁ ቆምኩ። ወንድሞቼን በምን አፌ እንደምነግራቸው አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ እናቴ እዚያ ተቀምጣ እየሳቀች እኔ እዚህ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። ፊቴን በውሃ ታጥቤ ተመለስኩ። ስደርስ እናቴ ሐውልቱን በእጇ እያሳየች «ከሰመጠም በኋላ ይወጣል ማለት ነው?» ትለዋለች። «ይወጣል እማዬ፣ ሰው ከፈለገው ይወጣል» ይላታል እሱ። ምን ዓይነት ልብ ቢኖረው ነው እንዲህ የሚያወራው ብዬ ጠላሁት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰዓት የያዝኩት በአንድ ሐሳብ ነው፤ ይቺ ቀን ለእሷ ጥሩ ቀን ትሁን። ከነገ በኋላ የሚመጣው ይምጣ። ስለዚህ ሳቅሁ። ምግብ ቤት ገብተን ለእሷ ጉሮሮ የሚመች እርጎ በሩዝ ሲመጣ አብሬያት ከአንድ ሳህን በላሁ፤ እሷም በላች፣ ጨርሳም ጣቷን ላሰች። ከዚያ አንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ወሰዱን፤ ደረጃው ራሱ ይሄዳል። እናቴ ሥሩ ቆማ ደረጃው ሲመጣና ሲመጣ አየችው። «ይሄስ አይሆንም፣ ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ!» አለች። መምህሩ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ያዝናት፤ ዓይኗን ጨፍና ወጣች፣ ላይ ስትደርስ ግን «ልድገመው?» አለች። ደጋገመችው። የቆሙት ሰዎች አይተዋት ይስቃሉ፣ እሷም ሰላም ትላቸዋለች። ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስስቅም ልቤ ይደማል።

ከሰዓት በኋላ የወሰዱን አሮጌው ከተማ ነው፤ አራት ማማ ያለው የድሮ በር አለ፣ በአጠገቡ ያለው መንገድ ከዳር እስከ ዳር የሴት አምባር ይሸጥበታል። አምባሩ ፈርጥ በፈርጥ ነው፣ መንገዱን ያበራዋል። እናቴ ሱቅ በሱቅ ገባች። ገበያ ላይ እናቴን አታውቋትም፤ አምቦ ቅዳሜ ገበያ አንዲት ምጣድ ለመግዛት ከሰዓት እስከ ምሽት የምትከራከር ሴት ናት። ያን ቀን ግን ከሻጩ ጋር ሳትነታረክ የልጅ ልጆቿን ሁሉ እየጠራች መረጠች። ለዚያችኛዋ ቀይ፣ ለዚህችኛዋ ሰማያዊ። በመጨረሻ ከሁሉ ያማረውን፣ ወርቃማውን፣ ለእህቴ ትንሿ ልጅ መረጠች። ልጅቷ ገና ጥርሷ እየተነቀለ ነው።

«ይሄ ለሰርጓ ነው» አለችኝና አስጠቅልላ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችው። ወደ ራሷ ቦርሳ አላስገባችውም። «አንቺ ታስሪላታለሽ።»

«እሺ» አልኩ።  ደስ ብሏት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። መምህሩ ከሱቁ ውጭ ሰዓቱን ያያል፣ እንደገና ስልክ ያወራል። ስንወጣ «አሁን ቤት እንሂድ፣ ይጠብቁናል» አለ። ማን ነው የሚጠብቀን ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ አልጠየቅሁም። ማን እንደሚጠብቅማ አውቃለሁ።

ወደ ቤታቸው የሚወስደን ባቡር ጣቢያ በደረስን ቁጥር የጣቢያውን ስም ይጠራል። አንዱ ላይ «ሀብሺጉዳ» አለ። እናቴ ቀና አለች። መምህሩ ስሙ ከድሮ ጀምሮ እዚህ ይኖሩ ከነበሩ ሀበሾች የመጣ እንደሆነ፣ ቤቱም እዚሁ ሰፈር እንደሆነ ነገራት። «ሀብሺ ጉዳ» አለች እናቴ በኦሮምኛዋ አጣጥማ፣ «ትልቁ ሀበሻ። እንግዲህ አገሬ ነው ማለት ነዋ።» ስንወርድ እጄን ያዘችኝ፤ እስከ ቤቱ አልለቀቀችኝም። መዳፏ ቀዝቅዞ ነበር።

የአፓርታማው ደጃፍ ጫማ በጫማ ሆኗል። በእነሱ ልማድ ጫማ ደጅ ስለሚወልቅ ከውጭ ሆኖ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ አይከብድም። ብዙ ሰው አለ። ድምፅ ግን የለም። ሰው የሞላበትና ድምፅ የሌለው ቤት ምን ማለት እንደሆነ ለአምቦ ሰው አይነገርም። በሩ ሲከፈት ግድግዳውን ተከትለው ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ተነሱ። የመምህሩ እናት ነጭ ሳሪ ለብሰው መሃል ናቸው። ጎረቤቶች አሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ከወዲህ በኩል የማናውቃቸው ሀበሾች ቆመዋል፣ እዚያው ከተማ የሚማሩ ተማሪዎች፤ አንዷ ልጅ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ አንገቷን ደፍታለች። የአገር ሰው ተጠርቷል።

ግድግዳውን ያዝኩ። እናቴ ወደ ጆሮዬ ቀርባ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» አለችኝ። «እኔ ከጠዋት ጀምሮ አውቄዋለሁ። አንቺም እንደምታውቂ አይቻለሁ። ቀኑ ግን ጥሩ ነበር።» ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ፣ ባሳዩዋት ቦታ ተቀመጠች።

ቀኑን ሙሉ ያስቀየስኳት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሷ ናት እኔን ስታስቀይሰኝ የዋለችው! ብርቱካኑ፣ እርጎው፣ ደረጃው፣ አምባሩ፣ ሁሉም ለእኔ ነበር።

መምህሩ ፊታችን ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠራረገ። ወረቀት የለውም፣ ግን የሚናገረውን ሌሊቱን ሲያጠና እንዳደረ ያስታውቃል። «እማዬ፣ በልተሻል?» አላት። «በልቻለሁ።» «አርፈሻል?» «ልጄ፣ ንገረኝ» አለችው። እሱ ግን ቀጠለ። «አባቴ የሞተ ጊዜ ጓደኛዬ ማታ ሊነግረኝ መጥቶ ነበር። አንቺ በር ላይ መለስሽው። ራት ሰጠሽኝ። ተኛሁ። ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነገራችሁኝ። ያን ሌሊት አባት ያለው ልጅ ሆኜ ነው የተኛሁት። እኔ ይሄን አልረሳሁም። ትልቅ ነገር እንዴት እንደሚነገር ከአንቺ ነው የተማርኩት...»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ መጮህ ጀምሬያለሁ መሰለኝ። ያን ጊዜ ባለቤቱ ከኋላው ብድግ ብላ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ጮኸችበት፤ ቃሉ ባይገባኝም ትርጉሙ ገብቶኛል፤ ቶሎ በል፣ ሴትዮዋን ገደልካት! ነው።

«ካንሰር አይደለም!» አለ መምህሩ ደንግጦ። «ትናንት ማታ ሐኪሙ ደወለ። ንጹሕ ነው። ምንም የለም። አይደለም!»

 እናቴ ዓይኗን ከፈተች። «ምን አለ?» አለችኝ። «የለብሽም እማዬ፣ የለብሽም» አልኳት፤ ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። ከዚያ እናቴ ሳቀች። ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ አንድ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። የመምህሩ እናት ግራ ገብቷቸው ጀርባዋን ይደባብሳሉ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ የማላውቀውን ሰው ጉልበት አቅፌ አለቀስኩ፤ በኋላ ሲነግሩኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ነው። 

«አንተ ልጅ!» አለች እናቴ እንባዋን ጠርጋ። «የምሥራች እንዲህ ነው የሚነገረው? ሰው ሰብስበህ? አብልተህ አጠጥተህ? የምሥራች እኮ በሩጫ ነው! በር ሳይንኳኳ ነው! ማታውኑ መጥተህ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ ምን ነበረበት?»

መምህሩ ተጨንቆ እኔን አየኝ። «ትልቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር» አለ። «እነዚህ ተማሪዎች እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትምህርት አላቸው። ያለ አገር ሰው መንገር ነውር ነው ብዬ ጠበቅኋቸው። ሆስፒታል ብትሄዱ ደግሞ ሌላ ሰው ቀድሞ ይነግራችኋል። ስለዚህ ከተማ...» ሊያዝኑበት የሚቻል ሰው አልነበረም። የምናደድበትን ጉልበት ብፈልግ አጣሁት። ምስኪኑ፣ ያስተማርነውን አንድም ሳያጓድል ነው ያደረገው፤ የየትኛው ወሬ ወግ እንደሆነ ብቻ አልነገርነውም።

ነጠላ የለበሰችው ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። የእኛው አካባቢ፣ የሸነን ልጅ ናት፤ እናቴ ይሄን ያወቀችው እዚያው ላይ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃ ነው። «መምህር፣ ወጥተው ይግቡ» አለችው ልጅቷ። «እንደገና ይንገሯቸው፣ በደንቡ።» እውነትም ተነስቶ ወጣ። ከደጅ፣ ከዚያ ሁሉ ጫማ መሃል፣ እየተደናቀፈ ሮጦ ገባና «የምሥራች!» አለ።

«ምሥር ብላ!» አለች እናቴ።

ቃሉ ከጉሮሮዋ ተሰንጥቆ ወጣ፣ ግን ወጣ። ከዚያ እጇ ወደ አፏ ሲሄድ አየሁና ዘልዬ ያዝኳት። ሰፈራችን ውስጥ ሰርግ ካለ እልልታዋ ጉደር ድረስ ይሰማል እያልን እንቀልድባታለን፤ ሐኪሙ የከለከላት ደግሞ ይሄንኑ ነው። ፊቷ እንደ ተቀማ ልጅ ሆነ። የመምህሩ ባለቤት አየቻት። ያቺ ዝምተኛ ሴት ሳሪዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ መዳፏን አፏ ጎን አድርጋ፣ ከእናቴ አምቦ የተማረችውን እልልታ ለቀቀችው። የሸነኗ ልጅ ተቀበለቻት። ከላይኛው ፎቅ በር ሲከፈት ተሰማ። እናቴ አንገቷን ይዛ በሌላ እጇ ድገሚው፣ ድገሚው እያለች ታሳያታለች። ሲበቃት «መጨረሻው ላይ ትቆርጪዋለሽ፣ ሳብ አድርጊው» አለቻት።

ከዚያ ጣፋጭ መጣ፣ ሻይ መጣ፣ እናቴም ከአምቦ ይዛላቸው የመጣችው ጭኮ ተከፍቶ ለሰዉ ሁሉ ተቆነጠረ። መምህሩ አጠገቤ መጥቶ ከተማውን ወደድኩት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከከተማው ምንም እንዳላየሁ፣ ነገ እንደገና ከመጀመሪያው እንዲያሳየኝ ነገርኩት። እሺ አለ፣ ነገ ግን ክፍል አለበት።

ልንሄድ ስንነሳ እናቴ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳበችው። ከፍታ በረበረች፣ የተጠቀለለውን ወርቃማ አምባር አወጣችና በራሷ ቦርሳ ውስጥ አስቀመጠችው።

«ምን አጠፋሁ?» አልኳት።

«ምንም» አለችኝ፣ ዚፑን እየዘጋች። «እኔው አስርላታለሁ።»